ቁጥር አሥራ ሁለት

ፈረንጅ አራዳ ላይ፣ ከቆርቆሮው በር፣
«ነስረዲን ፍሪጅ ጥገና» ተብሎ ተጽፎ ነበር።
የጅማ ዝናብ መች አንድ ሰሞን ያርፋል፣
«ጥገና»ን አጥቦ «ነስረዲን ፍሪጅ» ብቻ ትቶልን አልፏል፤
የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አባቴን «ፍሪጁ» ይለዋል።

የሥራው መጀመሪያ ቱቦ መፍታት ነው።
አሮጌው ጋዝ ይወጣል፤ መንገዱን የለመደው፣
ሽሽሽ ብሎ በመስኮት ወደ አዌቱ ወንዝ ይሄዳል፤
አይሸት፣ አይነድ፣ ቀለም የለው፣ ማንን ይጎዳል?
እኔና ወንድሜ ነጂብ መዳፍ ዘርግተን፣ ይዘን ወረፋ፣
ብርድ እናስቀዳለን፣ ውርጩ እጃችን ላይ እስኪጋገር፣ ሣቃችን ጣሪያውን እስኪገፋ።
የጋዙ ስም ቁጥር ነው፤ አሥራ ሁለት።
ሌላ ስም አላወጡለት።

ዛሬ እኔ ሌሊት፣ መብራት ሲመለስ፣
ከዩኒቨርሲቲው ፎቅ ቁጥር እለቅማለሁ እስኪነጋ ድረስ።
ከደመናው ማዶ የሚዞር ጆሮ አለ፤
ዓይን አልለውም፣ ቁልቁል ካላስተዋለ።
የምድርን ጠርዝ ብቻ ነው የሚያደምጥ፣
ጎረቤት ሲጣላ ግድግዳ ላይ ጆሮውን እንደሚለጥፍ ሰው፣ ጸጥ።
ከሃያ ኪሎ ሜትር ሽቅብ፣ አሞራ ከማይደርስበት፣
የክሎሪንን ሹክሹክታ ይሰማል፤
ከኦዞን አንዲት ኦክስጅን ቀምታ፣ ያቺን ጥላ፣ ሌላዋን ስትከተላት።

«ስንት ናት?» አለኝ አንድ ማታ፣ መነጽሩን በሸሚዙ እየወለወለ።
ከቢሊዮን ሦስት።
ዝም አለ።
«እስቲ በጤፍ ንገሪኝ።»
ሦስት ኩንታል ጤፍ፣ አልኩት፤ ውስጡ ሦስት ፍሬ እንክርዳድ።
«በየኩንታሉ አንድ?
ለአንድ ፍሬ ነው ሰማይ የሚቀደድ?»

አብዛኛውን ጊዜ ተኝታ ነው፣ ባባ።
አሲድ ውስጥ ተጠቅልላ ታደፍጣለች፤
ደቡብ ዋልታ ክረምት ሲገባ፣
ከብርድ የተሠራ ደመና ቁልፉን ይፈታላታል፣
ፀሐይ ስትመለስ ትነቃለች፤
አንዷ ብቻዋን መቶ ሺህ ኦዞን ትጨርሳለች።

«ደቡብ ዋልታ ሩቅ ነው» አለ፣ ራሱን ሊያጽናና።
ልዋሸው ፈለግሁ፤ አልቻልኩም።
ደረጃው እዚህ ነው፤ ከምድር ወገብ ዙሪያ፣ ከኛው ጣሪያ ሰማይ።
አየር ወደዚያ ከፍታ የሚወጣው በኛ በኩል ነው፣
እንደ ሽማግሌ፣ በዓመታት፣ እያረፈ፤
ወደ ዋልታው የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው።

«የኔም አለበታ።»
ሳተላይቱ ባለቤት አይመዘግብም። ኬክሮስ፣
ከፍታ፣ ቀን፣ መጠን፣ ስህተት።
«ስህተትም ዓምድ አለው?»
የሰው አይደለም፤ የመለኪያው ነው።
«እ» አለ።

እየቀነሰ ነው፣ አልኩት፣ በዓመት ከመቶ ግማሽ ያህል።
«መቼ ያልቃል?»
ካንተ በኋላ።
«ካንቺስ?»
የቆርቆሮውን ዝናብ ትንሽ ሰማን።
ከኔም።

ተነሣ። ከአልጋው ሥር ሲሊንደሩን ጎትቶ አወጣ፤
እናቴ ዘቢባ «ሁለተኛ ሚስቱ» የምትለውን፣ ዝገት የበላውን።
«አትልቀቁት፣ ሰብስቡ፣ መጥተን እንወስዳለን» ብለውት ነበር ሥልጠና ላይ።
ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት፤
አንድም መኪና በሩ ላይ አልቆመ፣ አንድም ሰው አልመጣ።
እሱ ግን ጁምዓ በጁምዓ፣ ከመስጊድ ሲመለስ፣
ሳሙና በጥብጦ፣ አረፋውን በጣቱ ቧንቧው አንገት ላይ ይቀባል፣
ጎንበስ ብሎ ያያል።
ካበጠ ይተነፍሳል፤ ካላበጠ ታፍኗል።

ያን ማታ ጁምዓ አልነበረም። ቢሆንም ቀባው።
ያ ጆሮ በዚያች ሰዓት የት እንደነበር አላውቅም፤
ምናልባት ሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ለሌላ ጠርዝ ሲያዳምጥ።
ሁለታችንም ጎንበስ እንዳልን፣ ትንፋሻችንን ውጠን ቀረን።
አረፋው አላበጠም።
አንዷ ፈነዳች፣ ሌሎቹ እዚያው ደረቁ።

«ጻፊ» አለኝ።
«ዛሬ፣ ከዚህ ቤት፦ ዜሮ።»
እጁን በሱሪው ጠረገና፣
«የስህተቱንም ዓምድ እንዳትረሺ።»